የለንደን የትራንስፖርት ካፕ፦ በስህተት የምናስበውና እውነታው

ለንደን ውስጥ ስለ ካፕ ያልሰማ ሐበሻ አላውቅም፣ እንዴት እንደሚሰራ ስትጠይቁት ግን አንዱ እንዲህ ነው ይላል ሌላው እንደዛ ነው ይላል፣ በዚህ መሀል በሳምንት አምስት አስር ፓውንድ ያለአግባብ የሚከፍል ሰው አለ። ጠዋት አንድ ስራ ማታ ሌላ ስራ ለሚሮጥ ሰው ደግሞ አስር ፓውንድ ቀላል ብር አይደለም። ስለዚህ በተደጋጋሚ የምሰማቸውን እያነሳሁ የማውቀውን ልጻፍ።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው የሚለውን ባጭሩ። አዲስ አበባ ታክሲ ስንሳፈር ረዳቱ «ሒሳብ» ባለን ቁጥር እንከፍላለን፣ አስር ታክሲ ከያዝን አስር ጊዜ ነው። ለንደን ላይ ግን ኦይስተር ካርድ (ብር እየሞላን የምንጠቀምበት የትራንስፖርት ካርድ) ከ2003 ጀምሮ አለ፣ በ2005 ደግሞ የቀን ካፕ መጣ፣ ማለትም በአንድ ቀን ውስጥ የከፈላችሁት ተደምሮ የተወሰነ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ከዛ በኋላ ያለው ጉዞ አይቆጠርባችሁም። በባንክ ካርድ በቀጥታ ታፕ ማድረግ፣ ማለትም ካርዱን ማሽኑ ላይ ማስነካት (ኮንታክትለስ የምንለው) በባስ ላይ በ2012 መጨረሻ፣ በአንደርግራውንድ (ቲዩብ በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር) ደግሞ በ2014 ሲጀመርም ካፑ አብሮ መጣ።

«ካፑ 8.90 ነው ስለዚህ ታፕ ካደረግክ በቀን 8.90 ይቆርጡሃል»

አይደለም። ካፕ ጣሪያ ነው እንጂ ዋጋ አይደለም። አንድ ባስ ብቻ ከያዛችሁ የአንድ ባስ ዋጋ ነው የምትከፍሉት፣ አለቀ። ከማርች 2025 በነበረው ታሪፍ ላስላው (ታሪፉ ስለሚቀያየር የራሳችሁን ቀን ዋጋ እዩ፣ ስሌቱ ግን ያው ነው)። ለንደን ለታሪፍ ሲባል ከመሀል ከተማው፣ ከዞን 1፣ ጀምሮ ወደ ዳር በዞን ተከፋፍላለች፤ ዞን 2 ትኖራላችሁ እንበል፣ ስራችሁ ዞን 1 ነው። ጠዋት በፒክ ሰዓት (ሰው በሚበዛበት ሰዓት) በቲዩብ ስትሄዱ 3.50፣ ማታ በፒክ ስትመለሱ 3.50፣ ሰባት ፓውንድ ሆነ። ቤት ደርሳችሁ አንድ ባስ በ1.75 ያዛችሁ፣ 8.75 ገባ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በሌላ ባስ ተመለሳችሁ፣ ካፕ ባይኖር 10.50 ይሆን ነበር፣ ግን የዞን 1 እና 2 ጣሪያ 8.90 ስለሆነ ለዚህ ለመጨረሻው ባስ የምትከፍሉት 15 ሳንቲም ብቻ ነው። ከዛ በኋላ እዛው ሁለት ዞን ውስጥ እስከቆያችሁ ድረስ ስትዞሩ ብታድሩ ምንም አይጨመርም። ዞን 6 ድረስ ከሄዳችሁ ግን ጣሪያውም አብሮ ከፍ ይላል፣ በዚሁ ታሪፍ ከ1 እስከ 6 ያለው 16.30 ነበር።

ይሄንን መግዛት፣ ማስመዝገብ፣ አክቲቬት ማድረግ ምናምን የለም። ሲስተሙ ራሱ ነው የሚያሰላው።

«ካፕ ከሞላ በኋላ ታፕ ማድረግ አያስፈልግም»

ይሄኛው አደገኛ ነው። ጣሪያው ሞላ ማለት ታፕ ስታደርጉ ዜሮ ይቆጠራል ማለት ነው እንጂ ትኬት አላችሁ ማለት አይደለም፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ካርዳችሁን ሲያነበው ያላስመዘገባችሁት ጉዞ ከሆነ ቅጣቱ ከማርች 2024 ጀምሮ 100 ፓውንድ ነው፣ በ21 ቀን ውስጥ ከከፈላችሁ 50። ሁሌም ታፕ አድርጉ።

«ስልኬም ካርዴም ከአንድ ባንክ አካውንት ስለሆነ ልዩነት የለውም»

ብዙ ብር የሚበላን ይሄ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ስህተት እየሰራን መሆኑን እንኳን የምናውቅበት መንገድ የለም። ጠዋት በካርድ እንገባለን፣ ከሰዓት እጃችን ላይ ያለው ስልክ ስለሆነ በስልክ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰዓቱንም አስገብቶበታል። ብሩ የሚወጣው ከአንድ አካውንት ነው፣ እውነት ነው፣ ግን የባቡር ጣቢያው ማሽን አካውንታችሁን አያይም፣ የሚያየው የካርድ ቁጥር ነው። ካርዱን ስልክ ላይ ስትጭኑት ባንኩ ለስልኩ የራሱ የሆነ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ለሰዓቱም እንደዛው። ስለዚህ ለሲስተሙ ካርዳችሁና ስልካችሁ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ 5 ፓውንድ ሌላው 6 ፓውንድ ተጉዘው ሁለቱም ጣሪያ ሳይነኩ ቀኑ ያልቃል፣ እናንተ ግን 11 ከፈላችሁ።

ከዛ የባሰው በካርድ ገብቶ በስልክ መውጣት ነው። ካርዱ ገብቶ ያልወጣ ሰው ይሆናል፣ ስልኩ ሳይገባ የወጣ ሰው ይሆናል፣ ሁለቱም ላይ ማክሲመም ፌር (ጉዞው የት እንደተጀመረ ወይም እንዳለቀ ሳይታወቅ ሲቀር የሚቆረጠው ከፍተኛ ዋጋ) ይመጣል። አንዲት እህታችን የስልኳ ባትሪ መንገድ ላይ ሲዘጋባት በካርዷ ወጥታ በማግስቱ የባንክ ስቴትመንቷን አይታ ካርዴን ሰረቁኝ ብላ ደንግጣ ነበር፣ ማንም አልሰረቃትም። ቦርሳ ውስጥ ሁለት ሶስት ካርድ ይዞ ሙሉ ቦርሳውን ማስነካትም ይሄንኑ ያመጣል፣ ማሽኑ የቱን እንደሚያነብ አታውቁምና አንዱን ለትራንስፖርት መርጣችሁ እሱን ለይታችሁ አውጡት።

እዚህ ላይ አብሮ የሚነሳ አለ፣ በአንድ ካርድ ለባልም ለሚስትም ታፕ ይደረጋል ወይ የሚለው። አይደረግም፣ አንድ ሰው አንድ ካርድ ነው። እንግዳ ከዲሲ ወይ ከስቶክሆልም ከመጣባችሁ የራሱን የውጭ ባንክ ካርድ መጠቀም ይችላል፣ ካፑም ለሱ ይሰራል፣ ባንኩ የምንዛሬ ኮሚሽን ይወስድ እንደሆን ግን ቀድሞ ይጠይቅ።

«ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል»

የካፕ ቀን የሚጀምረው በዚህ አገር ሰዓት ጠዋት 4:30 ነው፣ በኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፣ የሚያልቀውም በማግስቱ 4:29 ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ሰርግ ሄዳችሁ በዚህ ሰዓት ሌሊት 2:00 ላይ ብትመለሱ አሁንም የቅዳሜ ሒሳብ ውስጥ ናችሁ።

ይሄ ነገር የሌሊት ሰራተኛውን ነው በደንብ የሚነካው፣ እና ከኛ ሰው ስንቱ ነው ሴኩሪቲ፣ ክሊኒንግ፣ ኬር ሆም የሚሰራው። በዚሁ አገር ሰዓት ማታ 9:00 ገብታችሁ ጠዋት 6:30 የምትወጡ ከሆነ መሄጃችሁ በአንድ ቀን መመለሻችሁ በሌላ ቀን ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ «አንድ ሽፍት አንድ ካፕ» ብላችሁ ካሰባችሁ ሒሳቡ አይገጥምላችሁም፣ መመለሻችሁ የሚደመረው ያን ቀን ማታ እንደገና ስትሄዱ ከምትከፍሉት ጋር ነው። ቢሮ ለማጽዳት በሌሊት ባስ የሚወጡት ደግሞ አሉ፣ ጠዋት 4:15 ላይ ታፕ ያደረጉት የትናንት ነው። ትናንት ካፕ ሞልተው ከነበረ ያ ባስ በነጻ ሆነላቸው፣ ካልሞሉ ግን ለዛሬው ጣሪያ ምንም አይረዳም። ጥፋት ኖሮት አይደለም፣ አሰራሩ እንደዛ ነው፣ ብቻ አውቆ መግባት ይሻላል።

«የሳምንት ካፕ ማለት ከጀመርኩበት ሰባት ቀን»

የሳምንቱ ካፕ ሁሌም ከሰኞ እስከ እሁድ ነው። ሐሙስ ጀምራችሁ እስከ ረቡዕ ብትሮጡ ሁለት ግማሽ ሳምንት ሆኖ ሁለቱም ላይሞላ ይችላል። እንደዛ የሚሰራ ሰው ከመረጠው ቀን የሚጀምረውን የ7 ቀን ትራቭልካርድ (አንዴ ከፍለው በመረጡት ዞን ያለገደብ የሚሄዱበት ትኬት) ዋጋ ቢያመዛዝን ይሻለዋል። ኦይስተር ላይ የሳምንት ካፕ የለም የሚሉ አሉ፣ ድሮ ልክ ነበሩ፣ ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ግን አለ።

«ስወጣ ታፕ ባላደርግም ካፑ ያድነኛል»

አያድንም። ኦይስተር ስትገቡ ማክሲመም ፌር ይይዝና ስትወጡ ትክክለኛውን ዋጋ አስቦ ቀሪውን ይመልሳል፣ ካልወጣችሁ የያዘው ያዘ ነው፣ ያ ብር ደግሞ የቀን ካፕ ውስጥ አይደመርም፣ ከካፑ በላይ ነው የሚቆጠረው። በር የሌላቸው ጣቢያዎች ላይ፣ ዲኤልአር (በምስራቅ ለንደን ያለው ቀላል ባቡር) ላይ በተለይ፣ ሰው እየሮጠ ይረሳዋል። ከረሳችሁ ካርዱን ኦንላይን አስመዝግባችሁ የት እንደወረዳችሁ ሞልታችሁ ሪፈንድ መጠየቅ ይቻላል፣ እባካችሁ አትተዉት። ባስ ላይ ግን ስትገቡ ብቻ ነው፣ ስትወርዱ ታፕ የለም።

ስለ ባስ ካነሳን፣ በባስ ብቻ የሚሄድ ሰው ጣሪያው 5.25 ነበር፣ ማለትም የሶስት ባስ ዋጋ (ይሄም ከማርች 2023 ጀምሮ በነበረው ታሪፍ)። በዛ ስሌት አራተኛው ባስ ነጻ ነው። ከዛም በፊት ሆፐር የሚባለው አለ፣ ከመጀመሪያው ታፕ በአንድ ሰዓት ውስጥ የምትቀያይሩት ባስ ሁሉ በዛው በአንድ ባስ ዋጋ ነው። ጊዜ ላለው ሰው ከቲዩብ ይልቅ ባስ ብዙ ያተርፋል።

«ኮንታክትለስና ኦይስተር አንድ ነው»

ለሙሉ ከፋይ አዋቂ በዋጋ አንድ ነው። ቅናሽ ላለው ሰው ግን በጣም ይለያያል፣ ምክንያቱም ቅናሽ የሚጫነው ኦይስተር ላይ ነው፣ የባንክ ካርድ ላይ አይጫንም። ስራ ፈላጊ ሆኖ የጆብ ሴንተር (የመንግስት ስራ ፈላጊዎች ቢሮ) ቅናሽ ያገኘ፣ ሬልካርድ (የባቡር ቅናሽ ካርድ) ያለው ወጣት፣ ዚፕ ኦይስተር (የልጆች ቅናሽ ካርድ) ያለው ተማሪ ልጃችሁ፣ በስልኩ ታፕ ባደረገ ቁጥር እንደ ሙሉ አዋቂ ይከፍላል፣ ካፑም የሙሉ አዋቂ ነው። ሬልካርድ ገዝቶ ማሽን ላይ ሰራተኛ ጠርቶ ከኦይስተሩ ጋር ሳያስተሳስር ዓመቱን የጨረሰ ልጅ አውቃለሁ፣ ማስተሳሰሩ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ስራ ነው፣ ጣቢያ ላይ ያለውን ሰራተኛ መጠየቅ ብቻ ነው። ሬልካርዱ ከኦፍ ፒክ ዋጋና ከኦፍ ፒክ የቀን ካፕ ላይ አንድ ሶስተኛ ያስቀንሳል።

«ታፕ የሚደረግበት ሁሉ ካፕ ውስጥ ይገባል»

ሂትሮው ኤክስፕረስ (ወደ ሂትሮው ኤርፖርት የሚወስደው ፈጣን ባቡር) በኮንታክትለስ ያስገባል ግን ከካፑ ውጪ ነው፣ የቴምዝ ወንዝ ጀልባውም እንደዛው። ዘመድ ልትቀበሉ ኤርፖርት ስትሄዱ በፒካዲሊ መስመር ወይም በኤልዛቤት መስመር ብትሄዱ ግን ሂትሮው ዞን 6 ስለሆነ እስከዛ ባለው ጣሪያ ውስጥ ይደመርላችኋል፣ ያን ቀን ወዲያ ወዲህ ስትሉ የምትውሉበትን ሁሉ ጨምሮ። መስመር ስትቀይሩ ደግሞ አንዳንድ ጣቢያ ላይ ከቢጫው ሌላ ሮዝ ማሽን ታያላችሁ፣ ሃይበሪ እና ኢዝሊንግተን ወይም ስትራትፎርድ አይነት ቦታ። እሱ መሀል ከተማን፣ ዞን 1ን ሳትነኩ እየሄዳችሁ መሆኑን የምታሳውቁበት ነው፣ ካልነካችሁት በዞን 1 አልፋችሁ እንደሄዳችሁ ተቆጥሮ ዋጋውም ጣሪያውም ሊጨምርባችሁ ይችላል።