ኮምፒውተር የእንግሊዝኛን አጠቃቀም ምን አደረገው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ባግ» (በእንግሊዝኛ ትንሽ ነፍሳት፤ በኮምፒውተር ቋንቋ ደግሞ እንከን) የሚለው ቃል የመጣው ኮምፒውተር ውስጥ ከተገኘች የእሳት እራት ነው።
እራቷስ እውነት ናት። በ1947 ሃርቫርድ ማርክ 2 በተባለው ኮምፒውተር ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ) ውስጥ ተገኝታ መዝገቡ ላይ ተለጥፋለች። አጠገቧ የተጻፈው ግን «በእርግጥ ባግ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው» የሚል ነው፤ ቃሉ ቀድሞ ባይለመድ ኖሮ ይህ አባባል ስሜት አይሰጥም ነበር። ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ የመሣሪያ እንከንን «ባግ» ብሎታል።

«ኦኤምጂ» («ኦ ማይ ጋድ»፣ ማለትም «አምላኬ ሆይ!» የሚለው አጭር አጻጻፍ) ከሞባይል ጋር መጣ።
አድሚራል ጆን ፊሸር በ1917 ለዊንስተን ቸርችል በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ከነፍቺው አለ።

ቃል ማሳጠር የስንፍና ምልክት ነው።
የቦታና የድካም ጉዳይ ነበር። አንድ ኤስኤምኤስ (የስልክ አጭር መልእክት) 140 ባይት ይይዛል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ይገባል። የግዕዝ ፊደል 16 ቢት ስለሚፈልግ የሚገባው 70 ብቻ ነው፤ የአማርኛ መልእክት ቶሎ ለሁለት የሚከፈለውም ለዚህ ነው። በቁልፍ ስልክ «ኤስ»ን ለማግኘት ደግሞ 7 ቁጥርን አራት ጊዜ መጫን ግድ ነበር። ሙሉ ኪቦርድ ሲመጣ «ግሬት»ን «ኤይት» ተብሎ በሚነበበው 8 ቁጥር መጨረስ ምክንያት አጣ።

የኮምፒውተሩ የፊደል ማረሚያ ቀይ መስመር ካላሰመረበት ጽሑፉ ልክ ነው።
ሰውን በብዛት የሚጎዳው ይህኛው ነው። ቀዩ መስመር የሚነግረን ቃሉ በማረሚያው መዝገብ ውስጥ አለመኖሩን ነው። «የእነሱ» የሚለው «ዜር» «እዚያ» በሚለው «ዜር» ቢተካ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም አጻጻፋቸው የተለያየ ሁለት ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ማረሚያው ራሱም ያሳስታል። የአንዳንድ ቀደምት ማረሚያዎች መዝገብ «ኮኦፕሬሽን»ን የያዘው በሰረዝ ብቻ ስለነበር፣ ያለ ሰረዝ ለጻፈ ሰው «ኩፐርቲኖ» የሚለውን የካሊፎርኒያ ከተማ ስም ያቀርብለት ነበር። «ትብብር» መባል በነበረበት ቦታ ከተማዋ የገባችባቸው የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሰነዶች አሉ።

ማይክሮሶፍት ወርድ የተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም በአሜሪካ እንግሊዝኛ ከተስተካከለ ደግሞ ዩ ያለበትን የብሪታንያ «ከለር» ስህተት ይለዋል። መፍትሔው፦ ኮንትሮልና ኤ ተጭኖ ጽሑፉን በሙሉ መምረጥ፤ ከዚያ ሪቪው፣ ላንጉዌጅ፣ ሴት ፕሩፊንግ ላንጉዌጅ፤ በመጨረሻም ተቀባዩ የሚጠቀምበትን እንግሊዝኛ መምረጥ። ከሌላ ቦታ የተቀዳ አንቀጽ የራሱን ቋንቋ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ሁሉንም መምረጡን መዝለል አይገባም።

የእንግሊዝኛን ዓረፍተ ነገር የምትዘጋው ነጥብ የትም ብትቀመጥ ያው ነጥብ ናት።
በቻት መልእክቱን መላኩ ራሱ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋዋል። ስለዚህ ከአንድ ቃል መልስ በኋላ የምትመጣ ነጥብ ቅዝቃዜ ትመስላለች። በ2015 የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ተሳታፊዎቹ ነጥብ ያለበትን አጭር መልስ ከልብ እንዳልሆነ አድርገው ቆጥረውታል። መልሱ በእጅ ጽሑፍ በወረቀት ሲቀርብላቸው ግን ይህ ልዩነት አልታየም።