የርካሽ ታንክ ሞዴሎች ጥራት አመዛዘን፣ ከድሬዳዋ ገዥ አንጻር

የታንክ ሞዴል የአንድን እውነተኛ ታንክ ልኬት በተወሰነ መጠን አሳንሶ በተለያዩ የፕላስቲክ ክፍሎች የሚቀርብ፣ ገዥው ራሱ ቆርጦ፣ አጣብቆና ቀብቶ የሚጨርሰው ዕቃ ነው። በብዛት የሚታወቁት ስኬሎች (የማሳነሻ ምጣኔዎች) 1፡35 እና 1፡72 ናቸው፤ 1፡35 ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ነው ማለት ነው። 1፡35 የተለመደው የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው የፓንተር ታንክ ሞዴል በውስጡ ሞተርና ባትሪ እንዲይዝ ታስቦ በመመጠኑ ስለሆነ፣ መነሻው የባትሪ ስፋት እንጂ ሌላ ስሌት አልነበረም።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ ይህን ዕቃ ለይቶ የሚሸጥ ሱቅ መፈለግ ብዙ አያዋጣም። ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ይዞት ይመጣል፣ ወይ ደግሞ ታይዋን በሚባለው ገበያ ከልጆች መጫወቻ መካከል ድንገት ይገኝ ይሆናል። የጎደለ ክፍል ማስለወጥ ስለማይቻል፣ ሌላ አገር ያለ ገዥ ቤቱ ገብቶ የሚያደርገውን ምርመራ የድሬዳዋው ገዥ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቢያደርገው ይሻለዋል።

መጀመሪያ ሊታመን የማይገባው በሣጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ነው። አምራቾች የድሮ ሞልድ (ፕላስቲኩ ፈስሶ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት) እየገዙም ሆነ የራሳቸውን እያወጡ በአዲስ ሣጥን ስለሚሸጡ፣ ዛሬ የታሸገ ሞዴል ቅርጹ የአርባ ዓመት ዕድሜ ያለው ሊሆን ይችላል። በታንኩ ሆድ ላይ የማብሪያ ማጥፊያና የሞተር ቀዳዳዎች ከታዩ፣ ሞዴሉ የመጣው የታንክ ሞዴሎች በሞተር እንደ መጫወቻ ይነዱ ከነበረበት ዘመን ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ሞዴል ለሞተሩ ሲባል ከስር ያለው አካሉ ሰፍቶ ወይም ከፍ ብሎ ሊሆን ስለሚችል በመለኪያ መፈተሽ አለበት።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሶቪየት ኅብረቱ ቲ-55 ታንክ ነው፤ የሶማሊያ ጦር በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋን ባጠቃበት ጦርነት ይህ ዓይነት ታንክ ተሰልፎ ስለነበር፣ ቅርጹን በዓይናቸው አይተው የሚያስታውሱ ሰዎች በከተማው አሉ። የእውነተኛው ታንክ ወርድ 3.27 ሜትር፣ መድፉ ወደፊት ሲዞር ርዝመቱ 9 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በ1፡35 ወርዱ 93 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 257 ሚሊሜትር አካባቢ፣ በ1፡72 ደግሞ 45 እና 125 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት። አንድ ሁለት ሚሊሜትር ልዩነት ማንንም አያስቸግርም፤ በትንሹ ስኬል አራት አምስት ሚሊሜትር ከሆነ ግን የተሳለው ሌላ ታንክ ነው። ከልኬት ይልቅ ቶሎ የሚያጋልጠው የጎማዎቹ አቀማመጥ ነው። ቲ-55 በየጎኑ አምስት ጎማ ሲኖረው ሰፊው ክፍተት በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ነው፤ ከእሱ በኋላ በመጣው ቲ-62 ላይ ግን ክፍተቱ የሚሰፋው ወደ ኋላ ነው። የጭስ ማስወጫው እብጠትም በቲ-55 መድፍ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ሲሆን በቲ-62 ወደ ኋላ ገባ ይላል። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሞዴል በምንም ዋጋ ርካሽ አይባልም።

የፕላስቲኩ አሠራር የሚታየው ክፍሎቹ የተያያዙበትን ፍሬም ወደ ብርሃን ይዞ በማየት ነው። ሞልዱ ያረጀ ወይም በደንብ ያልተገጠመ ከሆነ በክፍሎቹ ጠርዝ ስስ ትርፍ ፕላስቲክ ይፈጠራል፤ ይህ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ስለሚወገድ ከጥፋቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። ፕላስቲኩ ወፍራም በሆነበት ቦታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ስርጉድ ይተዋል፤ እሱን ደግሞ የመኪና ቦዲ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ስቱኮ መሙላት ይቻላል፣ በስሱ እስከተቀባ ድረስ። የማይታረመው የሁለቱ የሞልድ ግማሾች መዛነፍ ነው። የመድፉ አፈሙዝ በሁለት ግማሽ ተከፍሎ ከመጣና ግማሾቹ እኩል ካልገጠሙ፣ በብርጭቆ ወረቀት በተፈተገ ቁጥር ክብነቱን ያጣል። በአንድ ወጥ የተሠራ አፈሙዝ ያለው ሞዴል ሌላው ቢጎድለው እንኳ አምራቹ እንደደከመበት ያሳያል።

ሰንሰለቱ ለብቻው መታየት ያለበት ጉዳይ ነው። ርካሾቹ ሞዴሎች ብዙውን ጊዜ እንደ ጎማ የሚለጠጥ የቪኒል ሰንሰለት ይይዛሉ፤ በውስጡ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል ከዓመታት በኋላ የሚነካቸውን የፖሊስቲሪን ጎማዎች ሊበላቸው ይችላል፣ ሙቀት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ከሐረር የበለጠ ጠንቃቃ መሆን አለባት፤ ሞዴሉን በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ወይም መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ መተው ቀጭን ክፍሎችን ያጣምማል። የመጀመሪያ ሥራ ለሚጀምር ሰው በፖሊስቲሪን ተሠርቶ በጥቂት ረዣዥም ቁራጮች የሚመጣ ሰንሰለት ይመረጣል። ሰንሰለቱ እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው የሚገጣጠም ከሆነ ደግሞ የብዙ ምሽት ትዕግሥት ይጠይቃል።

የክፍሎች ብዛት የጥራት ምልክት አይደለም። በ1፡100 የሚሠሩት የሩሲያው ዝቬዝዳ ትንንሽ ታንኮች ያለ ማጣበቂያ የሚገጣጠሙ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ቢኖሯቸውም፣ ቅርጻቸው ግን ደህና ነው። ዋናው መግጠሙ ነው፤ ሱቁ ውስጥ መሞከር ከተፈቀደ የላይኛውንና የታችኛውን አካል ሳይቆርጡ ገጥሞ ዙሪያውን ማየት ብቻውን ብዙ ይናገራል። በመካከላቸው የጥፍር ውፍረት ክፍተት ካለ ሌላውም እንደዚያው እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በመመሪያው ላይ የተሣሉትን የፍሬም መለያ ፊደላት ከሣጥኑ ውስጥ ካሉት ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ነው።