የፕራየር ፓርክ ባለ ጣሪያ ድልድይ

ፕራየር ፓርክ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስደት ዘመናቸውን ባሳለፉባት በባዝ ከተማ ዳርቻ፣ በቁልቁለታማ ሸለቆ ላይ የተዘረጋ መናፈሻ ነው። ስሙን ያስጠራው ግን እ.ኤ.አ. በ1755 በሸለቆው ግርጌ በውኃ ላይ የታነጸው የድንጋይ ድልድይ ነው።

ድልድዩ በሦስት ቅስቶች ላይ ያረፈ ሲሆን፣ በሁለቱም ጫፍ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር ያላቸው ትንንሽ ድንኳን መሰል ሕንፃዎች ቆመዋል፤ በመካከላቸው ያለው መተላለፊያም ጣሪያውን በተሸከሙ አምዶች ግራና ቀኝ ለዕይታ ክፍት ሆኗል። አምዶቹ አዮኒክ የተባለውን የጥንት ግሪኮች የአምድ ስልት የተከተሉ ናቸው፤ አናታቸው በሁለት ወገን እንደ ክታብ ተጠቅልሏል። የንድፉ ምንጭ ጣሊያናዊው አርክቴክት አንድሪያ ፓላዲዮ ነው፤ ቅርብ አርአያው ግን በ1737 አካባቢ በእንግሊዝ በዊልተን መናፈሻ የተሠራው ድልድይ ሲሆን፣ በስቶው መናፈሻ የሚገኘው ሦስተኛው እንግሊዛዊ አምሳያ ሠረገላ እንዲያልፍበት ታስቦ አቀበቱ ለዘብ ብሏል። በፕራየር ፓርክ የመሻገሩ ጉዳይ ሁለተኛ ነው፤ ድልድዩ በዋነኛነት የተሠራው ከኮረብታው አናት ካለው መኖሪያ ቤት ቁልቁል ሲታይ ዓይን እንዲያርፍበት ነው ማለት ይቻላል።

ባለቤቱ ራልፍ አለን በፖስታ አገልግሎት ሀብት ያፈራና በኋላ የኩም ዳውንን የድንጋይ ካባዎች የገዛ ነጋዴ ነበር። ከ1731 ጀምሮ ድንጋዩን በሐዲድ ላይ በሚንሸራተቱ ጋሪዎች ከኮረብታው ወደ ኤቨን ወንዝ ያወርድ ነበር። በአርክቴክቱ ጆን ዉድ ንድፍ ያሠራው ቤትም ለዚሁ ድንጋይ ማስታወቂያ እንዲሆን ጭምር ታስቦ የተገነባ ነው። ወርቃማ መልክ ያለው የባዝ ድንጋይ ከካባ ሲወጣ ለስላሳ ሆኖ፣ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል፤ የአምዶቹን አናት በረቂቁ ለመቅረጽ ያመቸውም ይኸው ጠባዩ ነው። የጥንት ጎብኚዎችም በድልድዩ ድንጋይ ላይ ስማቸውን ቀርጸዋል፤ አንዳንዱ ጽሑፍ ፊደሉ እጅግ የተስተካከለ በመሆኑ እንደ ጥፋት ለመቁጠር ያስቸግራል።

መናፈሻው ከ1993 ጀምሮ ናሽናል ትረስት በተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ይዞታ ሥር ነው፤ አሁን ለሕዝብ ክፍት ሲሆን፣ መኖሪያ ቤቱ ትምህርት ቤት ነው።