«ሽግግር» ምንድን ነው? ክኒኑ ከእናት እጅ ሲወጣ

በሰባት ዓመቱ ኩላሊት የተተከለለትን ልጅ አስቡት። ክኒኑን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የምትሰጠው እናቱ ናት። ማታ አንድ ሰዓትም እሷው። ቀጠሮውን የምታስታውሰው፣ መድኃኒቱ ሳያልቅ የምትገዛው እሷ ናት። የልጁ ሥራ መዋጥ ብቻ ነው። 18 ዓመት ሲሞላው ታዲያ «ከእንግዲህ ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ» ይባላል።

ይሄ ማዛወር ነው፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። ሐኪሞች «ሽግግር» የሚሉት ግን ዓመታት የሚፈጀውን ዝግጅት ነው። ኃላፊነቱ ከወላጅ ወደ ልጁ ቀስ እያለ ይሻገራል። እንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን የተጀመረው «ሬዲ ስቴዲ ጎ» የተባለ ፕሮግራም ይህን የሚጀምረው ልጁ 11 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ጥያቄዎቹ እንዲህ ናቸው፦ የመድኃኒቱን ስም ያውቃል? ለምን እንደሚወስደውስ? ሐኪሙን ብቻውን ማነጋገር ይችላል?

ይህን ያህል ምን አስቸኮለ? የተተከለ ኩላሊት ዕድሜ ልኩን ለሰውነት ባዕድ ነው። ሰውነት እንዳያጠቃው እንደ ታክሮሊመስ ያለ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል። ተንኮሉ፣ አንድ ቀን ቢዘለል ምንም አያምም። ጉዳቱ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚመጣው። የተተከለ ኩላሊት የመክሸፍ አደጋው ከፍ የሚለውም ከ17 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ መሆኑ በጥናት ታይቷል።

ወጣቱን «ግዴለሽ» ማለት ቀላል ነው። ግን ለዚሁ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ፊት ያሳብጣል፣ ብጉር ያወጣል። በ16 ዓመት ይሄ ቀልድ አይደለም። ማይኮፌኖሌት የተባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ ፅንስ ይጎዳል፤ ስለዚህ የምትወስደው ልጅ ስለ እርግዝና መከላከያ መጠየቅ አለባት። እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ይህን የምትጠይቅ ስንት ትሆናለች? ለዚህ ነው ከሐኪሙ ጋር ብቻዋን የምትሆንበት ጥቂት ደቂቃ የሚያስፈልጋት።

እኛ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እህት ወይም አባት ከሆነ፣ «ክኒኑን ዘለልኩ» ብሎ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ገምቱ።

ጥሬ ሥጋም አለ። የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት ለተዳከመ ሰው ቁርጥ ክልክል ነው። ጓደኞቹ ሥጋ ቤት ተሰብስበው ቁርጥ ሲያዙ «ለእኔ ጥብስ» ማለትን፣ «ምነው?» ሲሉትም የሚመልሰውን ቀድሞ መለማመድ የሽግግሩ አካል ነው።