ተሰጥኦው የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱ ወደ ጣና ዳር ሲወርዱ የባሕር ዳር ሰው ድምፅ አይጠፋውም። እልልታው ደሴቱ ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ድረስ የሚሰማ ይመስላል። እኔን የሚያሳስበኝ ተራው እሑድ ነው።

በቅዳሴ ካህኑ «አእኵትዎ ለአምላክነ» ይላል፤ አምላካችንን አመስግኑት ማለቱ ነው። መልሱ «ርቱዕ ይደሉ» ነው፤ እውነት ነው፣ ይገባዋል። ይህ የሕዝቡ ድርሻ ነው፣ ስሙም ተሰጥኦ። (በመንደር ቋንቋ ተሰጥኦ ሌላ ነገር ስለሆነ «እኔ ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ዝም የሚል ሳይኖር አይቀርም!) ድምፅ ማጉያ ከገባ ወዲህ ደግሞ ከመቅደስ የሚወጣው ለሁላችንም የሚበቃ መስሎን አፋችንን ዘግተናል።

ቀጥሎ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ይመጣል፤ ልባችሁን ከፍ አድርጉ። «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብለን፣ ልባችን እርሱ ዘንድ እንዳለ እንመሰክራለን። ባለፈው ወር እኔ ይህን ስል ያልተከፈለኝን የጀልባ ኪራይ እያሰላሁ ነበር። ከንፈሬ ቅዳሴ ላይ፣ ልቤ ወደቡ ላይ።

ሉቃስ 17 ላይ አሥሩ ለምጻሞች «ማረን» ሲሉ ማኅበር ነበሩ፤ አንድ ላይ ቆመው አንድ ላይ ጮኹ። ለምስጋና የተመለሰው ግን አንድ ሳምራዊ ብቻ ነው፤ እርሱም በታላቅ ድምፅ እያከበረ። ጌታ የቀሩትን ዘጠኙን የት አሉ ብሎ ጠየቀ። እኛስ? በምሕላ 41 ጊዜ እግዚኦታ ሲደርስ ቅጥሩ ይናወጣል፤ አኰቴቱ፣ ማለትም የቅዳሴው ምስጋና ላይ ግን ሹክሹክታ እንኳ የለም። ስንለምን ጉባኤ፣ ስናመሰግን ለየብቻ። ዳዊት ግን በመዝሙር 110 በፍጹም ልብ ማመስገንን ሲያነሣ ቦታውንም ጨምሮ ነው፦ በቅኖች ሸንጎ፣ በጉባኤ። «እኔ ቤቴ አመሰግነዋለሁ» የምትሉ ወንድሞች፣ ቤታችሁም አመስግኑ፤ የጉባኤው ዕዳ ግን አልተከፈለም።

ባለፈው እሑድ ከፊቴ አንድ ሰባት ዓመት የማይሞላው ልጅ ቆሞ ነበር። ካህኑ ዜማውን ሳይጨርስ «ርቱዕ ይደሉ!» ብሎ ቀደመ። ሰው ዞረ። አባቱ አፍሮ በጋቢው ሸፈነው። ካህኑ ሲጨርስ፣ መጀመሪያ የተሰማው መልስ ከጋቢው ውስጥ ነበር።