ፍልፈልን ከውርጭ የሚያድነው ጠጉሩ ብቻ አይደለም

ኅዳር ላይ ሱሉልታ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። እንዲህ ባለ አንድ ማለዳ የድንች መደባችን ጥግ ላይ ፍልፈል ሌሊቱን ያወጣው አፈር ተቆልሎ፣ ገና እርጥብ እንደሆነ አገኘሁት። አጥር የምንጋራቸው አዛውንት አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ምን ይበርደዋል? ጠጉሩ ጋቢው ነው» አሉኝ። ብዙዎቻችን የምናስበው እንደሳቸው ስለሆነ ከዚሁ ልጀምርና፣ ስለ ደጋ ትንንሽ እንስሳት የሚባሉ ሌሎች አባባሎችንም አንድ በአንድ ልይ።

«ጠጉር ካለው አይበርደውም።»
ጠጉሩ ይረዳዋል፤ የፍልፈል ጠጉር ጥቅጥቅ ያለና ለስላሳ ነው። ችግሩ የአካል ማነስ ነው። አንድ ድስት ሽሮና አንድ ሲኒ ቡና እኩል ትኩስ ሆነው ቢቀመጡ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ሲኒው ነው። በመዳፍ የምትያዝ አይጥ ደግሞ የበግ ያህል ጠጉር ብትለብስ መራመድም አትችልም። ስለዚህ ሙቀቱን ከውስጥ ማምረት አለባት። ስትንቀጠቀጥ ጡንቻዋ ይሞቃል፤ ከዚያ ሌላ በትከሻዎቿ መካከል ቡናማ ስብ አላት። ተራው ስብ ስንቅ ነው፤ ቡናማው ግን ምድጃ ነው፣ ያለ መንቀጥቀጥ ነድዶ ደሟን ያሞቃል።

እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ምድጃው እንዲነድ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ኦክስጅን የሚያጥረው ደግሞ ብርዱ በሚበረታበት ከፍታ ነው። ትንሿ እንስሳ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መቻል አለባት።

«ተራራ ላይ አየሩ ኦክስጅን የለውም።»
ድርሻው አይለወጥም። ባሕር ዳርቻም ሆነ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ፣ ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል።

«መፍትሔው ደም ማብዛት ነው።»
ይሄኛው ሥር የሰደደ አስተሳሰብ ነው። ቆላ የኖረ ሰው ደጋ ሲወጣ ቀይ የደም ሴሉ በእርግጥ ይጨምራል። ከልክ ሲያልፍ ግን ደሙ ይወፍራል፣ ልብም ለመግፋት ይደክማል። በአሜሪካ ሮኪ ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ የሚኖሩ አይጦች ሌላ መንገድ ይዘዋል፦ በደማቸው ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ራሱ ኦክስጅንን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ በጡንቻቸውም ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከቆላ ዘመዶቻቸው ይልቅ በዝተው ተዘርግተዋል። ደም ሳይበዛ ከፍታን መቻል እንደሚቻል የእኛም ሰው ምስክር ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠን ከባሕር ጠረፍ ሰው ጋር ተቀራራቢ ነበር።

«ብርድ ሲመጣ ተኝተው ይከርማሉ።»
ያ እርጥብ አፈር መልሱ ነው፤ ፍልፈል ክረምት ከበጋ ይቆፍራል። በቲቤት አምባ ያለችው የጥንቸል ዘመድ ፒካም በበረዶው ወራት አትተኛም። የሰውነቷን የኃይል ፍጆታ ቀንሳ፣ ሣር ሲጠፋ ያክ የሚባለውን ጠጉራም ከብት እበት እየበላች ታልፈዋለች።

«ጉድጓድ ከገባ ምን ይሆናል?»
ግማሹ እውነት ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ሲወረድ የቀንና የሌሊቱ የሙቀት ልዩነት እምብዛም አይሰማም። ነገር ግን አፉ የተደፈነ ጉድጓድ ይታፈናል፤ ኦክስጅኑ ከውጭው ያንሳል፣ የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጠራቀማል። ፍልፈል በከፍታው ላይ ይህንንም ጨምሮ ይችላል።

«በጣም ከፍ ካለ አይጥ አይኖርም።»
በ2020 እ.ኤ.አ. በቺሊና በአርጀንቲና ወሰን ባለ እሳተ ገሞራ ጫፍ፣ 6,739 ሜትር ላይ አንዲት አይጥ በሕይወት ተይዛለች።

«ፍልፈል ዕውር ነው።»
አይደለም። ያን ቀን አዛውንቱ አፈሩን በመቆፈሪያ ገለጥ ሲያደርጉት ብቅ አለ። ብርቱካናማ ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ ወጥተዋል፤ ዓይኖቹ እንደ ኑግ ፍሬ ትንንሽ፣ ጥቁርና የሚያበሩ ናቸው። ብርሃኑ ሲያርፍበት ፊቱን አዙሮ ቀዳዳውን በአፈር ደፈነው።