መንገደኛ ሆኖ ደጅ መሳለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እኛ አዳማ የምንኖር ሰዎች ኑሯችን ከመንገድ የተለየ አይደለም፤ ለሥራም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አሰላ፣ ወደ ድሬዳዋ እንወጣለን። አንዳንዴም ጉዟችን ከጥንታውያን አድባራት ደጅ ያደርሰናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እንዴት መግባት እንዳለብን ልንማር ይገባናል፤ ሊያይ ብቻ የገባና ሊሰግድ የገባ ሰው በአንድ በር ቢያልፉም አንድ በረከት ይዘው አይወጡምና።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ ከመልካ ቁንጥሬ ብዙም የማትርቀውን የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያንን እናስብ። ከዐለት የተፈለፈለች ናት፤ ዙሪያዋ ተቆፍሮ ከመሬቱ ወለል ዝቅ ብላ ስለምትገኝ፣ የሚሳለማት ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ይገባል። ትውፊቱ ቅዱስ ላሊበላ ወደ ዝቋላ ተራራ ለመሳለም በመጣ ጊዜ እንዳሳነጻት ይናገራል። ይህ ትውፊት እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ንጉሡ ራሱ መንገደኛ ሆኖ መጥቶ፣ ባለፈበት ምድር ለእመቤታችን ቤት ትቶ ሄደ ማለት ነውና። ዛሬም ቅዳሴ ይቀደስባታል፤ ስለዚህ ቅርስ ብቻ አድርገን ልናያት አይገባም።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 28 ያዕቆብን እናገኘዋለን። ከቤርሳቤህ ወደ ካራን ሲሄድ ቅዱስ ቦታ ፍለጋ የወጣ አልነበረም፤ የወንድሙን ቁጣ የሸሸ፣ ፀሐይ የጠለቀችበት፣ ድንጋይ የተንተራሰ ስደተኛ ነበር። መላእክት የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን መሰላል በሕልሙ ካየ በኋላ ግን ፈርቶ፣ ያ ስፍራ የእግዚአብሔር ቤትና የሰማይ ደጅ መሆኑን መሰከረ፤ ማልዶም ተነሥቶ ድንጋዩን ሐውልት አድርጎ አቆመው፣ ዘይትም አፈሰሰበት። አባቶቻችን ይህን ስፍራ የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ አድርገው ያስተምሩናል፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን በተቀደሰው ዘይት፣ በቅብዐ ሜሮን ትከብራለች። ልብ በሉ፣ ያዕቆብ አስቀድሞ ያላወቀውን ቦታ ካወቀ በኋላ እንደ ተራ ማረፊያ ትቶት አልሄደም። ፍርሃቱም የሚያባርር ፍርሃት አልነበረም፤ ወደ አምልኮ፣ ቀጥሎም ወደ ስእለት አደረሰው።

እንግዲህ ከዐለት የታነጸ ቤተ መቅደስ ስናይ ዓይናችን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ዐለቱ ነው፤ እንዴት ጠረቡት፣ በምን መሣሪያ፣ በስንት ዓመት እያልን እንደነቃለን። መደነቁ ነውር አይደለም፤ የአባቶችን ድካም ማክበር ነው። ነገር ግን ስግደቱ ይቅደም። ነጠላችንን አጣፍተን፣ ከቅጥሩ በር ላይ አማትበን፣ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ሰግደን፣ ደጁን ተሳልመን፣ ጫማችንን አውልቀን እንግባ። አቡነ ዘበሰማያት ሳንደግም ስለ ግድግዳው አንጠይቅ። የኪዳን ወይም የቅዳሴ ሰዓት ከሆነ እስኪፈጸም ቆመን እናስቀድስ፤ መኪናው ቢጠብቀንም ይጠብቅ። ስልካችን ይዘጋ። ፎቶግራፍ ማንሣት ካስፈለገም ከጸሎቱ በኋላ፣ በካህናቱ ፈቃድ፣ ፊታችንን ወደ መቅደሱ ሳናደርግ ይሁን።

ሌላም የምንረሳው ነገር አለ። ብዙዎቹ የገጠር አድባራት የሚቸግራቸው ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ነው፤ የቁርባኑ ወይን ከዘቢብ ይዘጋጃልና፣ ያለ ዘቢብ ደግሞ ቅዳሴው እንዴት ይቀደሳል? በየጉዞው ለስንቃችን የምናወጣውን እያሰብን፣ ገና ከአዳማ ሳንነሣ መባ ገዝተን ብንይዝ ሸክሙ ቀላል ነው። ስትደርሱ ለአገልጋዮቹ አስረክቡ፤ የታመሙባችሁንና ያረፉባችሁን ሰዎች የክርስትና ስም ጽፋችሁ ከመባው ጋር ስጡ፣ ካህናቱም በጸሎት እንዲያስቧቸው ለምኑ።